የማክሰኞው ሐረግ

በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የዳይሬክተሩ ቢሮ፤ የጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ካለቀ ቆይቷል፤ የወረዳው እንግዳ ቁርሱን በልቶ ገና መሄዱ ነው፤ ዳይሬክተሩ አቶ ጎሹ ሻያቸውን ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ አንባቢ የሆነችውን ትርሲትን ፊታቸው አቁመዋታል።

አቶ ጎሹ፦ አልጨረስኩም! ነገ ጠዋት፣ በዚያው ማይክ፣ በዚያው ሰልፍ ፊት፣ «ትናንት ያነበብኩት ስህተት ነው፤ ይቅርታ» ትያለሽ። አለቀ።

ትርሲት፦ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይንገሩኝና እላለሁ፣ ቲቸር።

አቶ ጎሹ፦ አታሹፊብኝ።

ትርሲት፦ አላሾፍኩም። ሐረጉን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አይተው አርመውታል። «ፑት አፕ ዊዝ»። ትርጉሙ፣ የማይመችን ነገር ችሎ መኖር። መጀመሪያ ሐረጉ፣ ቀጥሎ ሦስት ምሳሌ፣ በመጨረሻ የአማርኛ ትርጉም። ሁልጊዜ ማክሰኞ ማክሰኞ እንደምናደርገው ነው ያደረግኩት።

አቶ ጎሹ፦ ሁልጊዜ! ሁልጊዜማ «ስታንድ አፕ» ነው፣ «ሲት ዳውን» ነው፣ «ዌክ አፕ» ነው። ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ንቁ። በዚህ ማን ተቀየመ? ማንም!

ትርሲት፦ እነሱንማ አንደኛ ክፍል ጨርሰናቸዋል። እስከ መቼ ተነሱ ተቀመጡ ስንባል እንኖራለን?

አቶ ጎሹ፦ አየሽ? አየሽ ይሄ አፍሽን? «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የተባለው ላንቺ ነው።

ትርሲት፦ የኔ ፀጉር ገና ደህና ነው፣ ቲቸር።

አቶ ጎሹ፦ ወደ ራሴ አትመልከቺ! ወደዚህ፣ ወደ ዓይኔ ተመልከቺ። ከወረዳ የመጣ እንግዳ ጎኔ ቆሞ፣ ባንዲራው ከላይ እየተውለበለበ፣ ይሄ ሁሉ ተማሪ ተሰልፎ… ሽንት ቤት! በማይክ! ሽንት ቤት!

ትርሲት፦ «መጸዳጃ ቤት» ብል ኖሮ በሩ ይመጣ ነበር?

አቶ ጎሹ፦ ልጅት!

ትርሲት፦ እሺ፣ ይቅር። ግን ቲቸር፣ ሦስተኛዋን ምሳሌ በእንግሊዝኛ አንብቤ እንደጨረስኩ፣ ከሁሉም ቀድመው ያጨበጨቡት እርስዎ ነዎት።

አቶ ጎሹ፦ እኔ ያጨበጨብኩት ለአነባበብሽ ነው።

ትርሲት፦ እንግዳውም እርስዎን አይተው አጨበጨቡ።

አቶ ጎሹ፦ እንግሊዝኛ ሲነበብ ይጨበጨባል። የዚህ ትምህርት ቤት ልማድ ነው። ማን ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ያዳምጣል? ልጅ በእንግሊዝኛ ከተናገረች ጎበዝ ናት፣ ይጨበጨብላታል፤ በቃ።

ትርሲት፦ አማርኛው ሲመጣስ?

አቶ ጎሹ፦ አማርኛው ሲመጣ አዋረድሽኝ!

ትርሲት፦ እጅዎ አየር ላይ ነበር። ሁለተኛውን ጭብጨባ ጀምረው፣ «የትምህርት ቤታችን ሴት ልጆች በር የሌለው ሽንት ቤት ችለው ይማራሉ» ስል እዚያው ቀረ።

አቶ ጎሹ፦ እጄን ሁሉም አየው?

ትርሲት፦ ዘጠነኛዎቹ ከፊት ስለሚሰለፉ ደህና አድርገው አይተውታል።

አቶ ጎሹ፦ የሳቁትም እነሱ ናቸው። አወቅኳቸው! ስሚ፣ የኔ ልጅ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ዝም ብዬ ብፈርድብሽ ኖሮ አሁን እዚህ ቆመሽ አትከራከሪኝም ነበር። ይሄንን ወረቀት ታይዋለሽ? የሁለት ሳምንት እገዳ ነው። የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው። ሞዴል ፈተናው ያልፍሻል፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ያልፍሻል፣ ማይኩንም ሌላ ተማሪ ይይዘዋል። ለማትሪክ ደርሶ እንዲህ የሚሆን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በአንዲት ይቅርታ ሁሉም ይቀራል። እሺ ይበልጣል ከሺህ።

ትርሲት፦ እሺ ስንል ነው እኮ እዚህ የደረስነው። መስከረም ላይ ጠየቅን፣ «በጀት ሲለቀቅ» ተባልን፤ እሺ አልን። ጥር ላይ ጠየቅን፣ «ንብረት ክፍል በር የለም ብሏል» የሚል ደብዳቤ ፈርመው ሰጡን፤ እሺ አልን። ከፋሲካ በፊት እኔ ራሴ እዚህ ቆሜ ጠየቅኩዎት፤ «ትንሽ ቻሉት» አሉኝ። ይሄው ቻልነው። የቻልነውን ነው ያነበብኩት።

አቶ ጎሹ፦ እና ታዲያ መቻል ነውር ነው? መቻል ትልቅ ነገር ነው! በኛ አገር ቻይ ሰው ይከበራል። ዝም አይነቅዝም። አንቺ ግን የሚያስመሰግነውን ቃል ወስደሽ ስድብ አደረግሽው። ምሳሌ ጠፍቶ ነው? ዝናብ የለም? ብርድ የለም? የጎረቤት ውሻ የለም?

ትርሲት፦ የመጀመሪያዋ ምሳሌ እኮ እንደዚያ ነበረች። «የአጎቴን ማንኮራፋት ችዬ አድራለሁ።»

አቶ ጎሹ፦ እሷ ጥሩ ነበረች። እሷን እንኳ ባለቤቴም ትወዳታለች።

ትርሲት፦ ሁለተኛዋም፣ «ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ የሚከፍተውን ሙዚቃ ችለን እንሄዳለን።»

አቶ ጎሹ፦ እውነት ነው። ጆሮ ነው የሚበጥሱት! ቀንስ ሲባሉ ደግሞ ጭራሽ ይጨምሩታል። እዚያ ላይ ብታቆሚ ምን ነበረበት?

ትርሲት፦ ሦስት ምሳሌ ነው ልማዱ።

አቶ ጎሹ፦ ሦስተኛዋን ከየት አመጣሻት? ማን ነው የጻፈልሽ? ንገሪኝ፣ አንቺን አልነካም። ከመምህራን አንዱ ነው አይደል? እኔን ከዚህ ወንበር ማንሳት የሚፈልግ አለ፤ አውቀዋለሁ።

ትርሲት፦ ማንም አልጻፈልኝም። ወንበርዎንም የፈለገ የለም፣ ቲቸር። በር ነው የፈለግነው።

አቶ ጎሹ፦ ታዲያ ወደኔ ቀስ ብለሽ ብትመጪ…

ትርሲት፦ መጥቼ ነበር አልኩዎት እኮ! ቀስ ብዬ መጣሁ፤ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል አባቴ፤ እኛ የቀረብን ደግሞ ሹመት አይደለም። ስንቸገር እንዴት እንደምንሆን ያውቃሉ? አንዷ ትገባለች፣ ሁለት ልጆች ሻርፕ ዘርግተው ደጅ ይቆማሉ። ንፋስ ሲመጣ ሻርፑ ይነሳል። ወንዶቹ በዚያ በኩል ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሷ ደግሞ ሁልጊዜ ወደኛ ነው የምትመጣው። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ውሃ አንጠጣም። ሻይም አንጠጣም። እርስዎ አሁን ያን ሻይ ሲጠጡ እኔ ምን እያሰብኩ እንደሆነ ያውቃሉ?

አቶ ጎሹ፦ ምን እያሰብሽ ነው?

ትርሲት፦ «የኚህ ሰው በር ይዘጋል» እያልኩ ነው።

አቶ ጎሹ፦ …እንዲህ ያለ ነገር በአባትሽ ዕድሜ ካለ ሰው ጋ አይወራም።

ትርሲት፦ የት ይወራል? ማይክ ላይ አይወራም፣ ቢሮ አይወራም፣ ቤት አይወራም። ታናሽ እህቴን ያውቋታል? ማኅደር። ዘጠነኛ ቢ። ከኔ የምትሻል ተማሪ ናት። ወር በመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ዛሬም የለችም፣ ቤት ናት። አስተማሪው «ሰነፍ ናት፣ ትቀራለች» ብሎ ማርክ ይቀንስባታል። እኔም ዝም እንድል ትፈልጋለች፤ ታፍራለች። ትናንት ማታ ምሳሌዎቹን ሳዘጋጅ አጠገቤ ተኝታ ነበር። አየኋትና ተናደድኩ። ሦስተኛዋ ምሳሌ የመጣችው ከዚያ ነው። ማንም አልጻፈልኝም።

አቶ ጎሹ፦ እህትሽ መሆኗን አላወቅኩም።

ትርሲት፦ እህቴ ባትሆንስ?

አቶ ጎሹ፦ እንደሱ ማለቴ አይደለም። አባትሽን እጠራዋለሁ። ወላጅ ታመጫለሽ። ከሱ ጋ ሰው ለሰው እንነጋገራለን።

ትርሲት፦ ይጥሩት። እሱም የሚለኝ ያንኑ ነው፤ «ልጄ፣ ቻል አድርጊው።» እናቴንም በሕይወት ሳለች ሰፈሩ ሁሉ «ቻይ ናት» ይላት ነበር። በቀብሯ ቀን እንኳ «ቻይ ነበረች፣ ቻይ ነበረች» እያሉ አለቀሱላት። አንድም ቀን ግን «ምንድን ነው የምትችይው?» ብሎ የጠየቃት ሰው አላየሁም።

አቶ ጎሹ፦ ነፍስ ይማር።

ትርሲት፦ አሜን።

አቶ ጎሹ፦ … እሺ። እስቲ በሐረጉ እንነጋገር። አንቺ ቃል ትወጃለሽ፤ በምትወጂው እንነጋገር። ነገ ይቅርታ ብለሽ፣ በዚያው ሌላ ምሳሌ ትሰጫለሽ። ለምሳሌ «ተማሪዎች ትንሽ ችግር ችለው ትልቅ ቦታ ይደርሳሉ።» አየሽ? ሐረጉም አለ፣ ምክርም አለ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ቢሰሙት ይወዱታል።

ትርሲት፦ እነሱ እንደዚያ አይሉትም።

አቶ ጎሹ፦ አንቺ ደግሞ እንግሊዝ አገር ያደግሽ!

ትርሲት፦ አላደግኩም፤ አንብቤ ነው። ያገኘሁትን ምሳሌ ሁሉ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ሰዎቹ ዝም ብለው ሲችሉ ቃሉን ብዙም አያነሱትም። የሚያነሱት ሲመራቸው ነው። «ይሄን ጩኸት ከዚህ በላይ አልችልም።» «ባልሽን እንዲህ ሲሆን ለምን ትችይዋለሽ?» «እንዲህ ያለ ጎረቤት ማን ይችላል?» ሁሉም እንደዚህ ነው። ዝም ብሎ የሚችል ሰው ቃሉ አያስፈልገውም። ችሎ ይሞታል።

አቶ ጎሹ፦ ይሄንንም በማይክ ልትይው ነበር?

ትርሲት፦ ሰዓት አልበቃኝም።

አቶ ጎሹ፦ እግዜር ይመስገን! እኔ መች ዳይሬክተር እሆናለሁ አልኩ? ጂኦግራፊዬን እያስተማርኩ፣ ካርታዬን ሰቅዬ፣ በሰላም ስኖር። «ጎሹ ትችላለህ» አሉኝ። ይሄው እየቻልኩ ነው! መብራት የለም፣ እችላለሁ። ጠመኔ የለም፣ እችላለሁ። የወረዳው ሰው በመጣ ቁጥር ምሳ አብላ፣ እችላለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ! ተማሪ አይደለሽም፣ መከራ ነሽ! «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው» የሚሉት…

ትርሲት፦ ቲቸር፣ ጠረጴዛውን አይምቱት፤ ሻይዎ ይፈስሳል።

አቶ ጎሹ፦ አይፈስስም! ይሄ ጠረጴዛ በመዶሻም ቢመታ አይነቃነቅም። በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ አንድ ደህና ዕቃ ይሄ ብቻ ነው። ስመደብ ቢሮው ባዶ፣ ወንበሩ ስብርብር፣ ይሄ ግን መሀል ላይ ተገትሮ ጠበቀኝ። ዛሬ እንዲህ ያለ ጣውላ የት ይገኛል? ሠሪው ደግሞ ብልህ ነው፤ የስልኬ ቻርጀር ገመድ እንዲያልፍ ጥግ ላይ ክብ ቀዳዳ ትቶልኛል። በትልቅ መሥሪያ ቤት የሚታይ ነገር ነው። ለዛሬው እንግዳ እንኳ አሳየሁት፤ «ዘመናዊ ነው» አለኝ። አሁን ተቀመጪ። ቆመሽ ስትከራከሪኝ ጠበቃ ትመስያለሽ። ያን ወንበር ሳቢና ቀረብ በዪ።

ትርሲት፦ እሺ… ኡህ!

አቶ ጎሹ፦ ምን ሆንሽ?

ትርሲት፦ ጉልበቴን። የሆነ ብረት መታኝ።

አቶ ጎሹ፦ እንግዳውም «ኡህ» ብሎ ነበር። ሁሉንም ይመታል እሱ ብረት። የመሳቢያ ነገር ይመስለኛል።

ትርሲት፦ መሳቢያ አለው?

አቶ ጎሹ፦ የለውም።

ትርሲት፦ ቲቸር… ይሄ ብረት ይንቀሳቀሳል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል።

አቶ ጎሹ፦ ተይው እንጂ! ምን አጎነበሰሽ? ጠረጴዛ ስር ምን አለሽ? ነገር አታስቀይሺ፣ ነይ ውጪ። ይቅርታው ላይ ነበርን።

ትርሲት፦ መቀርቀሪያ ነው።

አቶ ጎሹ፦ ምን?

ትርሲት፦ የበር መቀርቀሪያ። ከስር ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

አቶ ጎሹ፦ ጠረጴዛ ቀለም ቢቀባ ምን ይገርማል?

ትርሲት፦ የወንዶቹ ሽንት ቤት ሰማያዊ ነው። የኛ አረንጓዴ ነበር። አንድ ጊዜ ያን የጠረጴዛ ልብስ ከጥግ በኩል ገለጥ ያድርጉት። አዎ፣ እዚያ ጋ። የማጠፊያ ምልክት አለ አይደል? ከታችም ሌላ። የቻርጀሩ ቀዳዳ ደግሞ… ቲቸር፣ እጀታው የነበረበት ነው።

አቶ ጎሹ፦ … አይሆንም።

ትርሲት፦ ይኸውልዎት፣ ከስር በኮምፓስ የተጫረ ጽሑፍም አለ። «እህቴ፣ ቶሎ ጨርሺ፤ ሰልፍ አለ።» ይሄን ጽሑፍ አውቀዋለሁ! ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በየቀኑ አነበው ነበር።

አቶ ጎሹ፦ ቆይ፣ እኔም ልይ። እህ… ወገቤን። የታል? ብርሃን የለም… «ቶሎ ጨርሺ፤ ሰልፍ…» ኧረ የማርያም ያለህ! ይሄ ጽሑፍ ዓመቱን ሙሉ ጉልበቴ ላይ ነው የነበረው?

ትርሲት፦ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ። በር የለም የሚል ደብዳቤ የፈረሙት በሩ ላይ ክንድዎን አስደግፈው ነው።

አቶ ጎሹ፦ እኔ አላደረግኩትም! ከመምጣቴ በፊት ነው!

ትርሲት፦ አውቃለሁ። አምና ለወላጆች በዓል ነው የተነቀለው። ሽልማት የሚደረደርበት ጠፍቶ፣ «ለአንድ ቀን ነው» ተብሎ የኛን በር ነቀሉት። የወንዶቹ ጠማማ ስለነበረ ተረፈ፤ የኛ ቀጥ ያለ ስለነበረ ሄደ። እኔም የዚያን ቀን ከዚህ በር ላይ ነው ሽልማቴን የወሰድኩት። አጨብጭበውልኛል። ከበዓሉ በኋላ የት እንደደረሰ ግን ያየ የለም፤ እግር ተገጥሞለት፣ ጨርቅ ለብሶ እዚህ ገብቷል ለካ።

አቶ ጎሹ፦ ድንቁ! ይሄ ንብረት ክፍል ድንቁ! «ጌታዬ፣ መጋዘኑን አገላብጬ ፈለግኩ፣ አንድም በር የለም» ብሎ ዓይኔ እያየ ዋሸኝ!

ትርሲት፦ አቶ ድንቁ አልዋሹም። እሳቸው ዘንድ ጠረጴዛ ነው። እግር ያለው ነገር እንዴት በር ይባላል?

አቶ ጎሹ፦ ዛሬ አሳየዋለሁ!

ትርሲት፦ እሳቸውን ኋላ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከኛ ደጃፍ የተወሰደው ደጃፉ ራሱ ነው። ዝም ስላልን ነው የተወሰደው። አሁን ምን እናድርግ?

አቶ ጎሹ፦ … አንቺ፣ ትርሲት። ስሚኝማ። በሩን ዘግተሽው ነው የገባሽው?

ትርሲት፦ የቢሮውን? አዎ። እርስዎ በር አለዎት፤ ሁለት እንዲያውም።

አቶ ጎሹ፦ አትቀልጂ፣ በማርያም። እንደ ልጄ ስሚኝ። ይሄ ነገር ከወጣ እኔ አለቀልኝ። «የሴቶቹን የሽንት ቤት በር አንጥፎ ሻይ ሲጠጣበት ከረመ» ይባላል። የወረዳው ሰው እዚሁ ላይ ክንዱን አስደግፎ ፈርሞ ሄደ! ቁርስ አብልቼዋለሁ እዚህ ላይ! እንዲህ እናድርግ። ቅዳሜ፣ ተማሪ በሌለበት፣ አናጢ አምጥቼ በሩን አስገጥማለሁ። ቃሌ ነው። አንቺ ደግሞ ነገ ይቅርታሽን ትያለሽ። እኔም ይሄን እገዳ እቀደዋለሁ። ሁላችንም በሰላም።

ትርሲት፦ ቅዳሜ?

አቶ ጎሹ፦ ቅዳሜ። አራት ቀን ምን አላት? ቻል…

ትርሲት፦ ይጨርሱት።

አቶ ጎሹ፦ ምኑን?

ትርሲት፦ «ቻል አድርጊው» ሊሉኝ ነው።

አቶ ጎሹ፦ … አላልኩም።

ትርሲት፦ ቲቸር፣ እርስዎን ላዋርድ አልመጣሁም። በሩ እዚህ እንደነበረ ለማንም አልናገርም። በማይክም አልልም፣ ለጓደኞቼም አልልም። ካፌ ተቀምጬ አልስቅብዎትም። አላወቁም፤ ይሄን አይቻለሁ። ፊትዎ ላይ አየሁት። ይሄ ለርስዎ ከኔ ነው፣ ያለ ምንም ልዋጭ። ይቅርታ ግን አልልም።

አቶ ጎሹ፦ ለምን? አንዲት ቃል እኮ ናት!

ትርሲት፦ አዎ፣ አንዲት ቃል ናት። ማኅደር ነገ ብትመጣ፣ ወይም ቤት ሆና ቢነግሯት፣ «እህትሽ ይቅርታ አለች» ነው የምትሰማው። ያፈርሽበት ነገር ልክ ነበር፣ ማፈር ነበረብሽ ማለት ነው። እሷ ብቻ አይደለችም። ሻርፕ ይዘው የሚቆሙት ልጆች ሁሉ። ዛሬ ስጨርስ ከሰልፉ መሀል አንዲት ልጅ «እሰይ!» ያለችው ትዝ ይልዎታል? ማን እንደሆነች አላውቅም። እሷን ነገ ምን ልበላት? «ተሳስቼ ነው፤ በር አያስፈልግሽም» ልበላት?

አቶ ጎሹ፦ እገዳውን ብፈርምስ?

ትርሲት፦ ይፈርሙ። ቤት አጠናለሁ። ሞዴሉም ይለፈኝ፤ ማትሪኩን እፈተናለሁ። ማይኩንም ይውሰዱት። ግን ቲቸር፣ የት ላይ ሆነው ነው የሚፈርሙት?

አቶ ጎሹ፦ እ?

ትርሲት፦ እገዳዬን በኛ በር ላይ ዘርግተው ነው የሚፈርሙት?

አቶ ጎሹ፦ … እስክሪብቶው ራሱ እምቢ አለኝ። ቀለም ጨርሷል መሰለኝ።

ትርሲት፦ የኔን ልስጥዎት?

አቶ ጎሹ፦ አስቀምጪው! ምን ዓይነት ልጅ ነሽ? ትንሽ አትፈሪም?

ትርሲት፦ እፈራለሁ። ወንበሩን ስስብ እንኳ ዓይኔ የእገዳው ወረቀት ላይ ነበር። ብረቱም የመታኝ ለሱ ነው።

አቶ ጎሹ፦ … እኔ ግን ያስቆጣኝ እጄ ነው፤ ልንገርሽ። ሽንት ቤቱ አይደለም። ማጨብጨቤ ነው። ሦስተኛዋ ስትነበብ አንዲት ቃል አልሰማሁም። «ገርልስ» ስትዪ ሰማሁ፤ ስለ ሴት ልጆች ትምህርት ነው፣ ጥሩ ነው ብዬ አጨበጨብኩ። ሰው ሳይሰማ ሲያጨበጭብ ምን ይባላል በእንግሊዝኛ?

ትርሲት፦ አላውቅም። ፈልጌ ለሚቀጥለው ማክሰኞ…

አቶ ጎሹ፦ እንዳታነቢው!

ትርሲት፦ እሺ፣ አላነበውም።

አቶ ጎሹ፦ አሁን ምንድን ነው የምትፈልጊው? በአንድ ቃል ንገሪኝ።

ትርሲት፦ ዛሬ።

አቶ ጎሹ፦ ዛሬ! ደውል ሊደወል ነው፤ ዕረፍት ነው። ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ይፈስሳል። እኔ፣ ዳይሬክተሩ፣ ከቢሮዬ በር ተሸክሜ ስወጣ ልታይ?

ትርሲት፦ አቶ ድንቁ መፍቻ አላቸው፤ ንብረት ክፍል ስንወስደው እግሩን ይፈታሉ። ማጠፊያው ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ በየቀኑ ስለማየው አውቀዋለሁ። ከዕረፍት በፊት ይደርሳል።

አቶ ጎሹ፦ ተማሪው ሲያየኝ ምን ይላል?

ትርሲት፦ «ዳይሬክተራችን በር አመጡ» ይላል። ከየት እንዳመጡት ከኛ ከሁለታችንና ከአቶ ድንቁ በቀር የሚያውቅ የለም። ምናልባትም ያጨበጭቡልዎታል። እነሱ ደግሞ ገብቷቸው ነው የሚያጨበጭቡት።

አቶ ጎሹ፦ እኔስ ጠረጴዛ?

ትርሲት፦ ትንሽ ጊዜ…

አቶ ጎሹ፦ እንዳትዪኝ! «ይቻሉት» እንዳትዪኝ!

ትርሲት፦ አላልኩም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ትርፍ ዴስክ አለ ልልዎት ነው።

አቶ ጎሹ፦ የተማሪ ዴስክ! ጉልበቴ አይገባም።

ትርሲት፦ ብረት ግን አይመታዎትም። ቲቸር፣ ደውሉ እየደረሰ ነው። እኔ ይሄን ጫፍ ይዣለሁ። ይቅርታ አልልም፤ ይሄን አውቀው ያንሱት።

አቶ ጎሹ፦ ሰማሁ፣ ሰማሁ። ቆይ እንጂ፣ ዝም ብለሽ አትሳቢው… መጀመሪያ ሻዩን አንሺ። በር ላይ ሻይ አይቀመጥም።